የማህፀን በር ካንሰር ባዮማርከር ጂን ከነጻ ዳታ እንዴት ይፈለጋል (ቴሲስ ለያዛችሁ)

ሞሌኪውላር ባዮሎጂና ባዮኢንፎርማቲክስ ምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ ምትጠይቁኝ ነገር ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ላብ የለንም፣ ሪኤጀንት በዶላር ነው፣ ግን የማህፀን በር ካንሰር ላይ ባዮማርከር (በሽታውን ወይ አካሄዱን ሚጠቁም ምልክት፣ እዚህ ጂን) መፈለግ እንፈልጋለን ትላላችሁ። ይቻላል። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ የጂን ዝርዝር ለማውጣት አንድ ከሰአት ይበቃል፣ እንደውም ችግሩ እሱ ነው፣ በጣም ስለሚቀል ሰው ዝርዝሩን ይዞ ጨረስኩ ይላል።

ዳታ ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ጻፉት። ባዮማርከሩ ለምን ይጠቅማል? ካንሰሩን ከጤነኛ ቲሹ ለመለየት ነው፣ ቅድመ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ወደ ካንሰር ምትሄደዋን ለማወቅ ነው፣ ወይስ የታመመችዋ ህክምናው እንዴት እንደሚሆንላት ለመገመት? ሶስቱ የተለያየ ዳታ ነው ሚፈልጉት። የመጀመሪያውን ሁሉም ይመርጠዋል ቀላል ስለሆነ፣ ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ የደረሰ ካንሰርን ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፣ የናንተን ጂን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ጭንቁ ከዛ በፊት ያለው ነው። ኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር ሚያመጣው ቫይረስ) ፖዘቲቭ ከሆኑት ሴቶች አብዛኞቹ ቫይረሱን ሰውነታቸው ራሱ ያጠፋዋል፣ ጥቂቶቹ ላይ ይቆይና ከአመታት በኋላ ጉድ ያመጣል፣ ታዲያ ማንን እናክም ማንን እንተው? እዚጋ ሚረዳ ጂን ካገኛችሁ ነው ሰው ሚሰማችሁ።

ባዮሎጂውን ሳታውቁ ደግሞ ዝርዝሩ ትርጉም አይሰጣችሁም። ኤችፒቪ 16ን ከማህፀን በር ካንሰር ቲሹ ውስጥ በ1983 ያገኘው የሀራልድ ዙር ሃውዘን ቡድን ነው (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሰውየው በ2008 ኖቤል ተሸልሟል። 16 እና 18 ሚባሉት አይነቶች ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ገደማ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 ሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ኢ6 ፒ53ን እንዲፈርስ ያደርገዋል፣ ኢ7 ደግሞ አርቢን (ሁለቱም የሴሉን መከፋፈል ሚገቱ ፕሮቲኖች ናቸው) ጠፍሮ ይይዘውና ሴሉ መከፋፈሉን አያቆምም። ሴሉ ለማቆም ፒ16 ሚባል ሌላ ገቺ ፕሮቲን ያመርታል ያመርታል ግን ፒ16 ሚሰራው በአርቢ በኩል ስለሆነ ዋጋ የለውም፣ ፍሬኑ እየተረገጠ መኪናው እንደማይቆመው ማለት ነው። ስለዚ የፒ16 ጂን፣ ሲዲኬኤን2ኤ ሚባለው፣ ዝርዝራችሁ ውስጥ ከፍ ብሎ ካልወጣ ግኝት አገኘሁ ብላችሁ እንዳትደሰቱ፣ አናሊሲሱን ጠርጥሩት። ኤምኬአይ67 (ኪ67 ሚባለውን ፕሮቲን ሚሰራው ጂን)፣ ኤምሲኤም2 እና ቶፕ2ኤ መጨመር አለባቸው፣ እንደ ሲአርኤንኤን ያሉት የጤነኛ ሽፋን ሴል ጂኖች ደግሞ መቀነስ አለባቸው።

አሁን ወደ ዳታው። ብዙ ሰው ዘሎ ቲሲጂኤ (የአሜሪካ የካንሰር ጂኖም ነጻ ዳታ) ላይ ይወጣል። እኔም እንደዛ አድርጌ አንድ ወር ሙሉ አቃጥያለሁ፣ ምክንያቱም እዛ ከ300 በላይ የካንሰር ሳምፕል ሲኖር ጤነኛው 3 ብቻ ነው። ሶስት! ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ሳልቆጥር ኮድ መጻፍ ጀምሬ ነው። ጤነኛውን ከጂቴክስ (ካንሰር ያልሆነ ቲሹ ዳታ) እንጨምር ካላችሁ ዩሲኤስሲ ዜና ሚባለው ድረገጽ (ስሙ ነው እንጂ ዜና አያወራም) ሁለቱን በአንድ መንገድ አዘጋጅቶ አስቀምጧል፣ ግን ቲሹው የተሰበሰበው በተለያየ ቦታና በተለያየ አይነት ስለሆነ ልዩነቱ የካንሰሩ ይሁን የአሰባሰቡ ለማወቅ ያስቸግራል። ቲሲጂኤን ለሰርቫይቫልና ለሚውቴሽን ተጠቀሙበት። በ2017 ኔቸር ላይ በወጣው ስራቸው 228 እጢዎችን መርምረው በብዛት ሚውቴሽን ያገኙት ፒአይኬ3ሲኤ ላይ ነው፣ ሩብ ገደማው ላይ።

ለጂን ኤክስፕሬሽን (ጂኑ ምን ያህል እየሰራ እንደሆነ) ግን ጂኢኦ ሚባለው ነጻ የዳታ ማከማቻ ይሻላችኋል። እኔ ምመክረው እዛ ጂኤስኢ63514 በሚል ቁጥር ያለውን ዳታ ነው፣ 128 ሳምፕል አለው፣ 24 ጤነኛ፣ 76 ቅድመ ካንሰር በየደረጃው፣ 28 ካንሰር። ደረጃው መኖሩ ነው ወርቁ፣ አንድ ጂን ከጤነኛ ወደ ደረጃ 1፣ ወደ 2፣ ወደ 3 ሲሄድ ቀስ እያለ መጨመሩን ማየት ትችላላችሁ። ለማረጋገጫ ደግሞ ጂኤስኢ9750 አለ፣ እሱን ስታወርዱ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ከሴቶቹ ቲሹ ጋር የሴል ላይን (ላብ ውስጥ ሚራቡ ሴሎች) ሳምፕሎችም ተቀላቅለውበታል፣ እነሱን አውጡ።

አር ሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማትችሉ ከሆነ ጂኢኦቱአር (የጂኢኦ የራሱ ድረገጽ ላይ ያለ መሳሪያ) ላይ ግሩፕ መድባችሁ አናላይዝ ማለት ነው፣ ኮዱን ራሱ ይሰጣችኋል፣ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማይክሮአሬይ (ጂኖችን በቺፕ ሚለካው) ከሆነ ሊማ፣ የአርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ ጥሬ ቆጠራ ከሆነ ዴሴክ2 ሚባሉትን የአር ፓኬጆች ተጠቀሙ። ሎግ የተደረገ ዳታ ዴሴክ2 ውስጥ እንዳትከቱ እባካችሁ። ጂኤስኢ63514 የተሰራበት ቺፕ 54,675 ፕሮብ (የጂን መለኪያ ነጥብ) አለው፣ ተራውን ፒ ቫልዩ 0.05 ላይ ከቆረጣችሁ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 2,700 ገደማ "ግኝት" ይወጣላችኋል፣ ስለዚ ሁሌ የተስተካከለውን ፒ ቫልዩ ተጠቀሙ፣ ለውጡም ቢያንስ እጥፍ ይሁን ማለትም ሎግ2 ላይ 1። ከዛ በፊት ግን ፒሲኤ (ሚመሳሰሉ ሳምፕሎችን አጠጋግቶ ሚያሳይ ስሌት) ስሩና ሳምፕሎቹ በበሽታው ነው ሚሰበሰቡት ወይስ በተሰሩበት ቀን የሚለውን እዩ። ይሄን ሳያዩ ማሽን ለርኒንግ ውስጥ ሚገቡ ልጆች አሉ፣ የወጡ ሳይወጠወጥ የወስከንባዩ ቁም ቁም ማለት እሱ ነው።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ ሚያደርገው ጂኖቹን ስትሪንግ (የፕሮቲን ግንኙነት ዳታቤዝ) ላይ ከቶ፣ ሳይቶስኬፕ ሚባል ሶፍትዌር ላይ ስሎ፣ ብዙ ግንኙነት ያላቸውን አስር ጂኖች መምረጥ ነው። ሲዲኬ1፣ ቶፕ2ኤ፣ ሲሲኤንቢ1 ይወጣሉ። ጉበት ካንሰር ላይ የሰራው ጓደኛችሁም፣ ጡት ላይ የሰራችውም ይኸው ነው ያገኙት፣ ምክንያቱም እነዚህ ሴል ሲከፋፈል ሚጨምሩ ጂኖች ናቸው፣ ካንሰር ሁሉ ይከፋፈላል። ውሸት አይደለም፣ ግን የማህፀን በር ባዮማርከር ብሎ መጥራት ይከብዳል። ስለዚ እያንዳንዱን እጩ ከኤምኬአይ67 ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል ወይ ብላችሁ ፈትሹት፣ አብሮት ከሄደ ኪ67 ያልነገረንን ምን ሊነግረን ነው? ስኳመስና አዴኖካርሲኖማ ሚባሉትን የማህፀን በር ካንሰር አይነቶችም ለዩ፣ ሁለት የተለያየ በሽታ በሉት።

ተወዳዳሪዎቻችሁንም እወቁ። ፒ16 እና ኪ67ን አንድ ሴል ላይ አብሮ ሚያቀልመው ምርመራ በ2020 አሜሪካ ኤፍዲኤ ፈቅዶታል። ፋም19ኤ4 እና ሚር124-2 ሚባሉት ጂኖች ላይ ሚታየው ሜቲሌሽንም (ዲኤንኤ ላይ ሚለጠፍ ኬሚካላዊ ምልክት) ኪት ተሰርቶለት አውሮፓ ይሸጣል። የናንተ ጂን ከነዚህ በምን ይለያል የሚለው ዲፌንስ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ላሶ (ጂን ሚመርጥ የስታቲስቲክስ ዘዴ) ስትጠቀሙ ጂኖቹን የመረጣችሁበት ዳታ ላይ መልሳችሁ ኤዩሲ (የመለየት ብቃት መለኪያ፣ 1 ፍጹም ነው) አትለኩ። 0.99 ይመጣል፣ ማንም ያመጣዋል። በአንዱ መርጣችሁ በሌላው ለኩ፣ 0.85 ከመጣ በደስታ ጻፉት። ዳታው በአብዛኛው የአፍሪካ ሴቶች አይደለም፣ ግን የዩጋንዳው አለ፣ 118 እጢ፣ ከነሱ ውስጥ 72ቱ ኤችአይቪ ካለባቸው ሴቶች የተወሰደ፣ በ2020 ነው የወጣው። ለኛ ሴቶች ይሰራል ወይ ለሚል ጥያቄ ካለው ሁሉ ሚቀርበው ይሄ ነው።

ላብ ካገኛችሁ ከፓቶሎጂ ክፍል የፓራፊን ብሎክ (ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ በሰም የተቀመጠ ቲሹ) መጠየቅ ይቻላል፣ ኤቲካል ክሊራንስ ግን ዛሬውኑ አስገቡ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ፎርማሊን አርኤንኤን ስለሚቆራርጠው ፕራይመራችሁ አጭር ቁራጭ ሚያበዛ ይሁን፣ ከ100 ቤዝ በታች። ማነጻጸሪያ ጂን ደግሞ ጋፒዲኤች ብቻውን አይበቃም፣ እሱ ራሱ ካንሰር ውስጥ ይቀያየራል፣ ሁለት ወይ ሶስት ያዙ።