የባሮክ ዘመን የአፈታሪክ ሥዕል እንዴት ይነበባል?

ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረስ የጋለበ ጦረኛ፣ ከሥሩ ደራጎን፣ ዛፍ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ብታዩ ማንም ሳይነግራችሁ «ጊዮርጊስ ነው» ትላላችሁ። ልጅቷም ብሩታዊት ናት። ባሮክ የሚባለው ዘመን፣ ማለትም የ1600ዎቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎችም የግሪክና የሮማን አማልክት የሚያሳውቁን በዚሁ ዘዴ ነው። ከመልኩ ይልቅ የያዘው ዕቃ ይናገራል።

ለልምምድ የዚያን ዘመን ሠዓሊ የፒተር ፖል ሩበንስን «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» ስልካችሁ ላይ ክፈቱ። በ1622 አካባቢ የተሣለውንና ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኤርሚታዥ ሙዚየም ያለውን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ርዕሱን እርሱትና ዕቃና እንስሳ ልቀሙ። ንስር ካለ ጁፒተር፣ ጣዎስ ካለ ጁኖ፣ ሁለት እባብ የተጠመጠመበት በትር ካለ ሜርኩሪ ነው። ለጀማሪ ይሄ ይበቃል። እዚህ ሥዕል ላይ የምታገኙት ጋሻ ላይ ያለ የሴት ፊት፣ ክንፍ ያለው ፈረስና የተዘረረ የባሕር አውሬ ነው። ፊቱ የሜዱሳ ነው፤ ያያት ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። አንገቷን የቆረጠው ፐርሲየስ ነው። በቃ፣ ጀግናው ታወቀ።

ቀጥሎ ታሪኩ የቱ ጋ እንደቆመ እዩ። አውሬው ሞቷል። ክንፍ ያላት ሴት ለፐርሲየስ አክሊል ልትደፋለት ነው። እሷ በተረቱ ውስጥ የለችም፤ ድል ራሷ ናት፣ ሴት ሆና የተሣለች። ክንፋም ሕፃናቱን ብዙ ሰው መላእክት ይላቸዋል። አይደሉም፤ የፍቅር ምልክት ናቸው። ፐርሲየስ ለአውሬው ተሰጥታ የነበረችውን ልጅ፣ አንድሮሜዳን፣ አድኗታል፤ ውጊያው አልቆ ሠርጋቸው እየመጣ ነው።

አሁን ተረቱን አንብቡና ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ፐርሲየስን ያበረረው ክንፍ ባለው ጫማ ነው። ፔጋሰስ የተባለው ፈረስ ከሜዱሳ ደም ይወለዳል እንጂ ፐርሲየስ አይጋልበውም። ሠዓሊው ግን ፈረሱን አምጥቶ አጠገቡ አቆመው። ጀግና ያለ ፈረስ አያምርማ!

ኦቪድ የአንድሮሜዳን አባት የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይለዋል። የዛሬውን ካርታ አታስቡ፤ ግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ አገር ነበር። ይኸው ገጣሚ በሌላ ግጥሙ ልጅቷን ጠይም ይላታል። ሩበንስ ግን ወተት አስመስሎ ሣላት፣ ብርሃኑንም ገላዋ ላይ አፈሰሰው። ለዚያ ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊዎች ነጭ ቆዳ የውበት ምልክት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ከለቀማችኋቸው ዕቃዎች ጎን ይሄንንም ጻፉት።