ላንጋኖ ላይ ለሁሉም የሚመች የልጆች ካምፕ ለማዘጋጀት

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዩ። እኔ ሜትር ይዤ ነው የምሄደው። የበሩ ክፍተት 80 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ዊልቸር ይቸገራል፤ 90 ከሆነ እሰየው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ልጅ ውስጥ ቢወድቅ ገፍቶ መግባት አይቻልማ! ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ሲሠራ ለየ10 ሴንቲ ሜትሩ ከፍታ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ይኑረው። አናጺው «ይበቃል» ቢላችሁም ራሳችሁ ለኩት።

ሐይቁ ዳር አሸዋው ጎማ ይውጣል። ከመኝታው እስከ ውሃው ጣውላ አንጥፉ።

የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ካለ፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን (መድኃኒቱ) ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። መብራት ቢጠፋስ? የበረዶ ሳጥን አዘጋጁ። ግን ኢንሱሊኑ በረዶውን አይንካ፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ስኳሩ ለወረደበት ልጅ ለስላሳ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ቅርብ ይሁን። ለድንገተኛ ሕመም ነዳጅ የሞላ መኪናም ሌት ተቀን ይቁም።

ከሁሉም በፊት ለየቤተሰቡ ደውሉ። ልጁንም ራሱን አናግሩት። «ልብስ ስትቀይር ማን እንዲያግዝህ ትፈልጋለህ?» በሉት። ብዙዎቹን ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ከራምፑም ከመድኃኒቱም እኩል አየዋለሁ። መልሱን ጻፉትና የሚያግዘው ሰው ልጁ ከመምጣቱ በፊት ያንብበው።