ፖታሲየም ጨመርን፤ ዶፓሚኑ የታለ?

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ስስ የአንጎል ቁራጭ በጨው ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። የፈሳሹ ፖታሲየም ከ3 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) ወደ 50 ይወጣል። ከዚያ ከነርቮቹ ጫፍ የወጣው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል (ዶፓሚን፣ አሴቲልኮሊን፣ ግሉታሜት ወይም ጋባ) ይለካል። ሴሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 140 ሚሊሞላር ገደማ ስለሆነ፣ የውጪው ሲጨምር ልዩነቱ ይጠባል፤ የሴሉ ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ሲገባ በነርቩ ጫፍ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ከረጢቶች የያዙትን ኬሚካል ወደ ውጭ ይደፋሉ። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። እንዲህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደምታደርጉ ከዚህ በታች አለ።

ምንም አልወጣም፣ ወይም የወጣው ኢምንት ነው

መጀመሪያ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥታችሁ ተመልከቱ። ከደፈረሰ ወይም ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ካለ፣ ካልሲየሙ ከፎስፌት ወይም ከካርቦኔት ጋር ተያይዞ ወርዷል። 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይነፋበት የቆየ ፈሳሽ እንዲህ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያመልጥ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.4 በላይ ይወጣል። አዲስ በጥብጡ፤ ጋዙን አስቀድማችሁ ንፉበት፤ ካልሲየሙን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ የመለኪያ ማሽኑን ስጠረጥር ውያለሁ። ማሽኑ ምንም አላጠፋም ነበር።

ፈሳሹ ጥርት ያለ ከሆነስ? ኬሚካሉ ወጥቶ ተመልሶ ገብቶ ይሆናል። ዶፓሚንን ትራንስፖርተሩ (ወደ ሴሉ የሚመልሰው ፕሮቲን) ወዲያው ይለቅመዋል፤ አሴቲልኮሊንን ኮሊንኤስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም ሳትደርሱበት ይሰባብረዋል። ስለዚህ ፈሳሹ ቆሞ እንዳይቀር፣ በቁራጩ ላይ ያለማቋረጥ እንዲፈስ አድርጉ። ለዶፓሚን ትራንስፖርተሩን የሚያግደው ኖሚፈንሲን፣ ለአሴቲልኮሊን ኢንዛይሙን የሚያግደው ኒዮስቲግሚን ይጨመራል። የዶፓሚን ናሙና በረዶ ላይ፣ አሲድ ውስጥ ይጠራቀም፤ አለዚያ አየሩ ያበላሸዋል።

ከሚገባው በላይ ወጣ

ይሄኛው ነው አደገኛው፤ ውጤቱ ደስ ስለሚል ማንም አይጠረጥረውም።

ፖታሲየም ክሎራይዱን በነበረው ጨው ላይ ደርባችሁ ነው የጨመራችሁት? እንግዲያው ኦስሞላሪቲው (በፈሳሹ የሟሙት ነገሮች ጠቅላላ ክምችት) በ90 ሚሊኦስሞል ገደማ ጨምሯል። የፈሳሹ ጥንካሬ ብቻውን፣ ያለ ካልሲየምም፣ ከረጢቶችን ያስደፋል። 47 ሚሊሞላር ፖታሲየም ስትጨምሩ ያንኑ ያህል ሶዲየም ክሎራይድ ቀንሱ።

ይህን አስተካክላችሁም ካልቀነሰ፣ ካልሲየም የሌለበትና ኢጂቲኤ (የቀረ ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል) የገባበት ፈሳሽ ተጠቅማችሁ ሙከራውን ድገሙት። አሁንም እንደ ድሮው ከወጣ ከከረጢት የመጣ አይደለም። በተለይ በግሉታሜትና በጋባ ላይ ይህ ያጋጥማል፦ ቮልቴጁ ሲወድቅ ትራንስፖርተሮቹ ወደ ኋላ ይሠሩና ከሴሉ ውስጥ ወደ ውጭ ያስወጣሉ። አስትሮሳይቶችም (ነርቮችን የሚደግፉ የአንጎል ሴሎች) በፖታሲየም ብዛት አብጠው ግሉታሜት ይለቃሉ። የፖታሲየሙን መጠን ወደ 25 ወይም 30 ሚሊሞላር አውርዱት። ያለ ካልሲየም የወጣውን ከጠቅላላው ቀንሱ፤ የከረጢቱ ድርሻ የሚቀረው ነው። ይህን ሳያደርግ “ልቀት ለካሁ” የሚለኝን ሰው አላምነውም።

በነገራችን ላይ፣ ቴትሮዶቶክሲን (የነርቭን የሶዲየም በር የሚዘጋ መርዝ) ጨምራችሁ ልቀቱ ባይቆም አትደንግጡ። ፖታሲየም የነርቭ ጫፉን በቀጥታ ስለሚነካው የሶዲየም በር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ዙር ደከመ

ፖታሲየሙ የፈሰሰበት የመጀመሪያው ዙር ረዝሞ ይሆናል። ከረጢቶቹ ባዶ ቀርተዋል፤ የካልሲየም በሮቹም ክፍት ቆይተው ደንዝዘዋል። ጉልበትም አለ፦ ፖታሲየም የአንጎል ቁራጭ ግሉኮስን በፍጥነት እንዲያቃጥል እንደሚያደርግ አሽፎርድና ዲክሰን በ1935 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ግሉኮሱ 10 ሚሊሞላር ይሁን፤ ኦክስጅኑ አይቋረጥ። ዙሩን ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ አሳጥሩ፤ በመካከል 30 ደቂቃ ያህል አሳርፉት። ለአሴቲልኮሊን ኮሊን ጨምሩ፤ ያለሱ ነርቩ የሰጠውን መተካት አይችልም።

ዶፓሚን ወጣ፣ ዶፓክ ግን ወረደ

ይህ ብልሽት አይደለም። ዶፓክ ዶፓሚን ሲሰባበር የሚገኝ ኬሚካል ነው፤ በአብዛኛው የሚሠራውም ከነርቩ ጫፍ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከሚያገኘው ዶፓሚን ነው። የልቀት መጠን ነው ብላችሁ እንዳታነቡት።