ቲማቲሙ ይዛወራል፣ ባሚያው አይነካም፦ ነባር ዘሮችን በጓሮ እንዴት እናለማለን?

ቲማቲምና ባሚያን ጎን ለጎን ማልማት ደስ ይላል። ሁለቱም ፀሐይና ሙቀት ይወዳሉ። አንዴ ማፍራት ከጀመሩ ለሳምንታት ይሰጣሉ። ሥሮቻቸው ላይ ስንመጣ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ወቅት ስለከሰርኩ፣ ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ነባር ዘር የምንለው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ የቆየውን ነው። ከፍሬው ዘር አውጥታችሁ መልሳችሁ ብትዘሩት እናቱን ይመስላል። እሽጉ ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ካያችሁ ድቅል ነው። ድቅሉም በደንብ ያፈራል፤ ዘሩን ይዛችሁ ለከርሞ ብትዘሩት ግን የሚበቅለው የተለያየ ይሆንባችኋል።

1. ዘር መምረጥ

ከነባር ቲማቲሞች ብራንዲዋይን፣ ቼሮኪ ፐርፕልና ብላክ ክሪም በጣዕማቸው ስመ ጥር ናቸው። ቆዳቸው ስስ፣ ፍሬያቸው ትልቅ ነው። ለመድረስም ጊዜ ይወስዳሉ፤ ብራንዲዋይን ችግኙ ወደ መደቡ ከተዛወረ በኋላ 80 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከትልልቆቹ ጋር አንድ ትንንሽ ፍሬ የሚያፈራ ዓይነት ጨምሩ። እሱ ቶሎ ስለሚደርስ ሌሎቹን በትዕግሥት ትጠብቃላችሁ።

ለባሚያ እኔ የምመርጠው ክሌምሰን ስፓይንለስን ነው። ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲዘራ የኖረ፣ እሾህ የሌለው ዓይነት ነው።

2. የቲማቲሙን ችግኝ ማፍላት

የሌሊቱ ብርድ ያልፋል ብላችሁ ከምትጠብቁበት ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አልብሱት። ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል።

እንደበቀለ ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል። ውሃ ደግሞ አታብዙበት፤ አፈሩ ሁልጊዜ ከረጠበ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብስና ችግኙ ይወድቃል። ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ለየራሱ ዕቃ ስጡት።

3. መሬቱ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይሁን። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ። የሥር እባጭ የሚያመጡት ጥቃቅን ትሎች፣ ኔማቶድ የሚባሉት፣ ሁለቱንም ተክሎች ያጠቃሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ወቅት ቲማቲሙን በባሚያው ቦታ፣ ባሚያውን በቲማቲሙ ቦታ እየተካችሁ መሬቱን ያሳረፋችሁ አይምሰላችሁ። ሁለቱንም ወደ ሌላ መደብ ውሰዷቸው።

4 እና 5. ቲማቲሙን ማዛወር፣ ባሚያውን መዝራት

እነዚህን አንድ ላይ ያደረግኳቸው ልዩነታቸው በግልጽ እንዲታይ ነው።

አንድ ዓመት ባሚያውንም እንደ ቲማቲሙ አፈላሁት። አምስት ሳምንት በትናንሽ ዕቃዎች አደገ። ቅጠሉ ያምር ነበር። የመትከያው ቀን ደርሶ ሳወጣው ሥሩ ከዕቃው ሥር ተጠምዝዞ አገኘሁት። ቲማቲም ላይ እንደለመድኩት በጣቴ ፈታሁትና ተከልኩት። በማግስቱ ሁሉም ቅጠላቸውን ጥለው ነበር። አብዛኞቹ በዚያው ደረቁ። የተረፉት ጥቂቶችም ከጉልበት ሳያልፉ ወቅቱ አለቀ። የሚገርመው፣ ተርፈውኝ መደቡ ዳር የቀበርኳቸው ጥቂት ዘሮች በኋላ በቅለው ሁሉንም አለፏቸው። ማንም አልነካቸውም ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባሚያ ከሁሉ በፊት አንድ ዋና ሥር ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይሰዳል። ያ ሥር ከተጠማዘዘ ወይም ጫፉ ከተቆረጠ ተክሉ በቀላሉ አያገግምም። የቲማቲም ግንድ ደግሞ አፈር በነካው ሁሉ አዲስ ሥር ያወጣል። አንዱን የሚጠቅመው ሌላውን ይጎዳል።

እንግዲህ ቲማቲሙን እንዲህ አድርጉ። ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ውጭ አለማምዱት፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ፀሐይ። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡና ከግንዱ ሁለት ሦስተኛው እስኪቀበር ድረስ ትከሉት። በጣም የተመዘዘ ከሆነ ቦይ አውጡና በጎኑ አስተኙት፤ ጫፉን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ መልሱት። በሁለት ተክል መካከል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ድጋፉንም ያኔውኑ ትከሉ፤ በኋላ ብትተክሉት ሥሩን ትወጉታላችሁ።

ባሚያውን በቀጥታ መሬት ላይ ዝሩት፤ ግን አትቸኩሉ። አፈሩ ቢያንስ 18 ዲግሪ መሆን አለበት፤ 21 ቢሆን ይመረጣል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ጠዋት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ለኩት። ለጀማሪ ግዙ የምለው አንድ መሣሪያ ቢኖር እሱ ነው። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የባሚያ ዘር ከመብቀሉ በፊት ይበሰብሳል።

የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ከመዝራታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ከ24 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። በየጉድጓዱ ሁለት ወይም ሦስት ዘር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በጉድጓዶቹ መካከል ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር። ስንዝር ሲሆኑ ጠንካራውን አስቀሩ። ትርፎቹን አትንቀሏቸው፤ ስትነቅሉ የጎረቤቱን ሥር ታነቃንቃላችሁ። በመቀስ ከአፈሩ ጋር እኩል ቁረጧቸው።

ሞቃቱ ወቅት አጭር የሆነባችሁ ከጋዜጣ ትንሽ ዕቃ ሠርታችሁ እዚያ ውስጥ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። ከሦስት ሳምንት ሳያልፍ ከነወረቀቱ ቅበሩት። ከዚህ ሌላ አቋራጭ አልመክርም።

6. ድጋፍና ውሃ

አብዛኞቹ ነባር ቲማቲሞች ወቅቱ እስኪያልቅ ማደጋቸውን አያቆሙም። ተዘጋጅተው የሚሸጡት አጫጭር የሽቦ ቅርጫቶች ሲከብዳቸው ይወድቃሉ። 2 ሜትር የሚሆን ጠንካራ እንጨትና ለስላሳ ማሰሪያ ይበልጣል። በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጡትን ቀንበጦች ትንሽ ሳሉ በጣታችሁ ቀንጥሱ።

የፍሬው ታች ጠቁሮ ከገባ ብዙ ሰው ካልሲየም ሊረጭ ይሮጣል። ፍሬው ካልሲየም ማነሱ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መሬቱ ውስጥ አለ። ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃው ነው። ውሃው አንድ ሳምንት ጠፍቶ በሚቀጥለው ሲጎርፍ መንገዱ ይቋረጣል። ከመርጨታችሁ በፊት አጠጣጣችሁን አስተካክሉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ። በላዩ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ።

7. መልቀም

ባሚያ አይጠብቅም። አበባው የሚፈካው ለአንድ ቀን ነው። ከዚያ በ4 ወይም በ6 ቀን ፍሬው ለመቆረጥ ይደርሳል። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በቢላ ቁረጡት። ካለፈ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ተክሉም ማፍራቱን ይቀንሳል። በየሁለት ቀኑ ዙሩ። እሾህ አልባው ዓይነት እንኳ ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንትና እጅጌ ረዥም ልብስ አድርጉ።

ቲማቲሙ ቀለም መለወጥ ከጀመረ ቤት ውስጥም ይበስላል። ከባድ ዝናብ እየመጣ ከሆነ ቀድማችሁ ልቀሙት፤ ስስ ቆዳው ይሰነጠቃል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ጣዕሙን ያጠፋዋል።

8. ዘር ማስቀረት

ከጤነኛና ከሚያምር ተክል አንድ በደንብ የበሰለ ቲማቲም ምረጡ። ዘሩን ከነልጋጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ ትንሽ ውሃ አድርጉበትና ለ2 ወይም ለ3 ቀን ተዉት። ይሸታል፤ አትደንግጡ። መፍላቱ ዘሩን የሸፈነውን ልጋግ ያወጣዋል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ግን ዘሩ እዚያው መብቀል ይጀምራል። እጠቡት፣ የተንሳፈፈውን ድፉ፣ የዘቀጠውን ሳህን ላይ አድርቁ። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል።

ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን ያዳቅላል። ባሚያን ግን ንቦች ከሌላ ዝርያ ሊያዳቅሉት ይችላሉ። ከአንድ ዓይነት በላይ ካላችሁ ሊፈካ የደረሰውን እምቡጥ ማታ በስስ የጨርቅ ከረጢት ሸፍኑት። በማግስቱ አበባው ሲጠወልግ ከረጢቱን አውልቁና ፍሬው ላይ ክር እሰሩ። ቡናማ ሆኖ እስኪሰነጠቅ ተክሉ ላይ ተዉት።

ሁለቱንም በፖስታ አድርጋችሁ ስምና ዓመት ጻፉበት። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የቲማቲም ዘር 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የባሚያው ከ2 ዓመት በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ እሱን ቶሎ ቶሎ አድሱት።