ብሬከሩን ተዉት፤ ትራንስፎርመሩን እዩ

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር አጠገብ፣ በዘንዘልማ በኩል ወዳለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ገና ከበሩ ላይ «ብሬከሩ እየቆረጠ አስቸገረን፤ ተለቅ ያለ ግጠምልን» አሉኝ።

የሞተሮቹን ጉልበት ስደምር 250 ኪሎዋት መጣ። ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ 250 ኬቪኤ ይላል። «እኩል ነው አይደል?» አለኝ ዕቃውን ያስመጣው ልጅ።

እኩል አይደለም! ስንት ጊዜ እንናገር? ኬቪኤ (ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው ጠቅላላ ጉልበት) በፓወር ፋክተር (ከዚያ ውስጥ ሥራ ላይ በሚውለው ድርሻ) ሲባዛ ነው ኪሎዋት የሚሆነው። እዚያ 0.8 ነበር፤ ስለዚህ ያ ትራንስፎርመር የሚሸከመው 200 ኪሎዋት ነው። ሞተሮቹ ሁሉም አብረው ሲዞሩ፣ የራሳቸው ብክነት ሳይታሰብ እንኳ፣ 312 ኬቪኤ ይፈልጋሉ። በ400 ቮልት 451 አምፔር ገደማ ማለት ነው፤ ትራንስፎርመሩ የሚችለው ግን 361 ነው። ካፓሲተር ተገጥሞ ፓወር ፋክተሩ 0.95 ቢደርስ እንኳ 263 ኬቪኤ ነው፤ አሁንም አይበቃም። ያ የተማረሩበት ብሬከር እኮ ዘበኛቸው ነበር! ቢያተልቁት ኖሮ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። 400 ኬቪኤ እንዲገዙ ነገርኳቸው። 315 ብንል ትልቁ ሞተር ሲነሳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል።

«ለነገም ይሆነናል» ብሎ 1000 ኬቪኤ መግዛትም ሌላ ጥፋት ነው፤ ጭነት ባይኖርም ሌት ተቀን ኃይል ይበላል።

ከፍታን መርሳትም ሌላው ጥፋት ነው። መደበኛው ዕቃ የሚሠራው እስከ 1000 ሜትር ታስቦ ነው፤ ባሕር ዳር 1800 ገደማ ነች። አየሩ ሲሳሳ ዕቃው እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም፣ ከቡሽንጉ (ሽቦው ወደ ትራንስፎርመሩ ከሚገባበት መከለያ) ላይ ብልጭታ መዝለልም ይቀለዋል። ትዕዛዙ ላይ ከፍታውን ጻፉ።

የተለመደውን ታፕ (የትራንስፎርመሩን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማድረጊያውን) ኃይል ሳይቋረጥ የሚያዞር ሰው ደግሞ አጠገቤ አይቁም።

እኔስ አልተሳሳትኩም? ጀማሪ ሳለሁ ጣና ዳር ላለ የመስኖ ፓምፕ 15 ኪሎቮልት ትራንስፎርመር አዘዝኩ። መስመሩ 33 ኖሯል! ጠይቄ አላጣራሁም፣ ቀና ብዬ እንኳ ምሰሶውን አላየሁም። እስኪቀየር ድረስ ሽንኩርቱ ሐይቁን እያየ ደረቀ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው። የእርሻው ባለቤት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ ስንት ኪሎቮልት ነው?» ይሉኛል።