የአዮኑ ፍሪ ኢነርጂ አልገጥም ሲላችሁ

አንድ ሶዲየም አዮን ውሃ ውስጥ የማስገባትን ፍሪ ኢነርጂ (የኢነርጂ ለውጡን) በግሮማክስ፣ ማለትም በሞለኪውል ሲሙሌሽን ፕሮግራም፣ አስልታችሁ፣ መልሱ ከመጽሐፉ ቁጥር በ50 ወይም በ60 ኪሎጁል ራቀ እንበል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ፎርስ ፊልዱን (አቶሞቹ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚወስኑትን ቁጥሮች) ይወቅሳል። እኔም ወቅሼ ነበር። ሳምንት ሙሉ የሶዲየሙን ሲግማ (የመጠኑን ቁጥር) ስነካካ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የሂሳብ አያያዝ ሆኖ ተገኘ።

ሳጥኑ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። አዮኑና ውሃው ያሉበትን የሲሙሌሽን ሳጥን ጎን ከ2.5 ወደ 3 ናኖሜትር ሳሳድገው መልሱ በ13 ኪሎጁል በሞል ወደ ኔጋቲቭ ወረደ።

ምክንያቱ ፒኤምኢ፣ ማለትም በቻርጆች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሰላው ዘዴ ነው። ሳጥናችሁን ማለቂያ በሌላቸው ቅጂዎች ይከበዋል፤ የአዮኑን ቻርጅ ደግሞ በየቦታው በተበተነ ተቃራኒ ቻርጅ ያካክሳል። ስለዚህ ውሃ በሌለበት ሳጥን ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ አዮን እንኳ ኢነርጂው ዜሮ አይሆንም። 394ን (ለአንድ ቻርጅ የሚሠራ ቋሚ ቁጥር ነው) ለሳጥኑ ጎን እጥፍ አካፍሉት፦ በ3 ናኖሜትር −65.7፣ በ2.5 ደግሞ −78.8 ይመጣል። ልዩነቱ? 13። ያንን ስሌት ወረቀት ላይ የሠራሁ ቀን በራሴ ሳቅሁ።

ውሃ ውስጥም ይህ ቁራጭ አለ፤ እዚያ ግን መኖር አለበት። ውሃው ለቅጂዎቹ የሚሰጠውን ምላሽ ያካክሳል፣ የሳጥኑም መጠን ብዙም አይታወቅም። ቫክዩም ላይ የሚያካክሰው ነገር የለም። የቫክዩሙን ዙር (አዮኑን ያለ ውሃ የምታሰሉበትን) በፒኤምኢ ሠርታችሁ ከውሃው ውጤት ከቀነሳችሁ ስህተቱን በእጃችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

መፍትሄው፦ ለአንድ አቶም አዮን የቫክዩም ዙር ጭራሽ አትሥሩ፣ ዜሮ ነው። ከዚያ በሁለት የተለያዩ ሳጥኖች አስልታችሁ አመሳክሩ።

ሶዲየም በአንድ በኩል፣ ክሎራይድ በሌላው በኩል ይስታል

ሁለቱ በተቀራራቢ መጠን፣ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ከሳቱ የውሃውን የገጽ ፖቴንሻል (ውሃው ገጽ ላይ ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት) ጠርጥሩ። ግማሽ ቮልት ብቻ 48 ኪሎጁል ነው። የሁለቱን ድምር አስሉ፤ ፖቴንሻሉ እዚያ ይጠፋፋል። ድምሩ ከገጠመ ፎርስ ፊልዱን አትንኩት። ደግሞ ሰንጠረዦቹም አይስማሙም፦ ለሶዲየም አንዱ −365፣ ሌላው −424 ይላል። ያለ ተጨማሪ ግምት የሚለካው የጥንዱ ድምር ነውና የነጠላው አዮን ቁጥር በየአከፋፈሉ ይለያያል።

ሲሙሌሽኑ መሃል ላይ ይፈነዳል

ውሃው «ሴትል» አልደረግም ብሎ ይቆማል (ሴትል የውሃውን ሞለኪውል ቅርጽ የሚጠብቀው ስሌት ነው)። ለስሌቱ አዮኑን ደረጃ በደረጃ ስታጠፉ፣ ቻርጁ ሳይጠፋ ሌናርድ-ጆንሱን (አቶሞች እንዳይደራረቡ የሚገፋፋቸውን ኃይል) ስታዳክሙ የውሃው ሃይድሮጂን ወይም ኦክሲጅን አዮኑ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ቻርጁን አጥፉ። ቀጥሎ ሌናርድ-ጆንሱን በሶፍት-ኮር (ኃይሉን በቅርብ ርቀት በሚያለሰልስ ቀመር) አጥፉ፤ የቀመሩ አልፋ 0.5 ይበቃል።

8 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ይጎድላል

ይሄ ቀላል ነው። ሰንጠረዡ ጋዙን በ1 አትሞስፌር፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን አዮን በ1 ሞላር ወስዶት ይሆናል፤ ሲሙሌሽኑ ግን ሁለቱንም በእኩል ክምችት ይወስዳል። የሲሙሌሽኑ ቁጥር ላይ 7.9 ደምሩ። ስትደምሩ ምልክቱን እዩት፤ ከቀነሳችሁ ስህተቱ 16 ይሆንና እንደገና ሲግማ መነካካት ትጀምራላችሁ።