ከውጭ የማይታይ ቡአ፦ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይፈታል?

ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስመለሰው፣ ፈስና ሰገራ ከልክሎት የመጣ ሰው የኦፕራሲዮን ጠባሳም ሆነ የብሽሽት እብጠት ከሌለው፣ እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው የአንጀት መታጠፍ ነው። ልክ ነው፤ የሆድ ውስጥ ቡአም ግን አብሮ ይታሰብ። አንጀት በፔሪቶኒየም (የሆድ ውስጥ ስስ ሽፋን) ወይም በሜሴንተሪ (አንጀትን ከሆድ የኋላ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘውና ደም ስሮቹን የያዘው እጥፋት) ቀዳዳ ሾልኮ ሲታነቅ ከውጭ የሚዳሰስ ነገር የለውም። ለዓመታት «ጨጓራ ነው» እየተባለ የኖረ፣ «ስበላ ይቆርጠኛል፣ ስተኛ ይለቀኛል» የሚል ታማሚ ሲመጣ ጠርጥሩ።

ራጅ መዘጋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ሲቲ ስካን ላይ ከረጢት ውስጥ የታጨቁ የሚመስሉ አንጀቶችንና የተጠማዘዙ የሜሴንተሪ ደም ስሮችን ፈልጉ። ሆዱ ከደነደነ ወይም የልብ ምቱ ከፈጠነና ካተኮሰው ግን ሲቲ ስካን እየተጠበቀ ሰዓት አይባክን።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚላክ ታማሚ ከመነሳቱ በፊት ሪንገር ላክቴት (በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ የሽንት ካቴተርና ከአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ ይኑረው። የአፍንጫው ቱቦ ሳይዘጋ ከከረጢት ጋር ተያይዞ ይሂድ፤ ዳገቱ ላይ ቢያስመልሰው ትውከቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሽንቱ በሰዓት ቢያንስ በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር ይድረስ።

ሆዱ መሀል ለመሀል ከተከፈተ በኋላ ከትርፍ አንጀት አጠገብ ያለውን ያልተነፋ ባዶ ትንሹን አንጀት ይዛችሁ ወደ ላይ ተከተሉ፤ መታነቂያው ላይ ያደርሳችኋል። በቀስታ ሳቡ። አልወጣ ካለ ችግሩ እዚህ ይጀምራል፦ የቀዳዳው ጠርዝ ደም ስር ይዟል።

በዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል) ግራ ባለው ቡአ፣ ከፊት ጠርዙ ላይ ታችኛው የሜሴንተሪ ቬን (ደም መላሽ) አለ፤ ጠርዙ የግድ መሰንጠቅ ካለበት ደም ስሩን ለይታችሁ አስሩት። በቀኝ ያለው ይለያል፤ ጠርዙ ላይ ላይኛው የሜሴንተሪ አርተሪ (ደም ወሳጅ) ስላለ እሱን መቁረጥ ትንሹን አንጀት በሙሉ ማለት ይቻላል መግደል ነው። ስለዚህ ጠርዙን ትታችሁ ወደ ላይ የሚወጣውን ትልቁን አንጀት ከቀኝ ግድግዳው አላቁና ወደ ግራ አዙሩት። ከጉበት ሥር ባለው የዊንስሎው ቀዳዳ ከገባም ከፊቱ የሐሞት ቱቦ፣ የጉበት አርተሪና ፖርታል ቬን ስላሉ ጠርዙ አይነካም፤ የተነፋውን አንጀት በመርፌ አስተንፍሳችሁ አውጡት። በሜሴንተሪ ቀዳዳ የሚያልፈው ደግሞ ከረጢት ስለሌለው ብዙ አንጀት ይገባበትና ቶሎ ይበሰብሳል።

የወጣውን አንጀት በሞቀ ሳላይን በራሰ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሸፍኑት። ከዚያ ቀለሙን፣ እንቅስቃሴውንና የሜሴንተሪውን ትርታ እዩ። የሞተው ይቆረጥ። የሜሴንተሪና የግራውን ቀዳዳ 3-0 በሆነ የሐር ክር ዝጉ፤ መርፌው ፔሪቶኒየሙን ብቻ ይያዝ፤ ጠልቆ ከገባ ደም ስር ይወጋል። ረጅም አንጀት አጠራጣሪ ሆኖ ከቀረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሆዱ ዳግም ተከፍቶ ይታይ።